አክሲዮን ስንገዛ ሠራተኛውንም እንይ፦ የዌልስ ፋርጎ ባንክ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

አክሲዮን ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለፈው ዓመት ስንት ከፈለ?» ብሎ ነው። የትርፍ ድርሻው ከፍ ካለ ይገዛል፣ ዝቅ ካለ ሌላ ያፈላልጋል። ጥያቄው ምንም ስህተት የለበትም፤ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት። ግን ያ ትርፍ እንዴት መጣ? ያመጡት ሠራተኞች በምን ሁኔታ ውስጥ ሆነው አመጡት? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አያጋጥመኝም።

ይሄ ጥያቄ ለብዙ ሰው የደግነት ጥያቄ ይመስለዋል። ለሠራተኛ ማዘን ጥሩ ነው፣ ከገንዘብ ጋር ግን አይገናኝም የሚል አስተሳሰብ አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ይገናኛል፤ እንደውም በቀጥታ ይገናኛል። ይህን ለማሳየት የአሜሪካውን የዌልስ ፋርጎ ባንክ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ላስቀምጠው። የመረጥኩት ነገሩ በደንብ ስለተመዘገበ ነው፦ የባንኩ ቦርድ ራሱ ያስጠናው ምርመራ አለ፣ የተቆጣጣሪዎች ውሳኔዎች አሉ፣ ከመንግሥት ጋር የተደረጉ ስምምነቶች አሉ። የግለሰቦችን ስም አላነሳም። የሥራ ድርሻቸው ይበቃል፣ ምክንያቱም ጉዳዩ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ባንኩ ማን ነበር

ዌልስ ፋርጎ በ1852 የተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ የሆነ ባንክ ነው። በ1998 ኖርዌስት ከሚባል የሚኒያፖሊስ ባንክ ጋር ተዋሃደ። በተግባር ገዢው ኖርዌስት ነበር፤ ስሙን ግን የታወቀውን የዌልስ ፋርጎን ስም ያዘ። የሽያጭ ልማዱ ከኖርዌስት አብሮ መጣ። ለአንድ ደንበኛ ቼክ ሂሳብ ከፍተህ አትቆምም፤ ቁጠባ፣ ክሬዲት ካርድ፣ የቤት ብድር፣ ኢንሹራንስ እያልክ ትቀጥላለህ።

በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ዋኮቪያ የሚባለውን ትልቅ ባንክ ገዛና ከ6 ሺህ በላይ ቅርንጫፎች፣ ከ260 ሺህ በላይ ሠራተኞች ያሉት ሆነ። ሌሎቹ ትልልቅ ባንኮች በቀውሱ ስማቸው ሲጠፋ እሱ ጥንቁቅ ባንክ ተብሎ ተወደሰ። ትልቁ ባለአክሲዮን በርክሻየር ሃታዌይ የሚባለው ታዋቂ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ነበር፣ ከ1989 ጀምሮ ይዞት 10 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። «እነሱ ከገዙት እኔ ምን እጠብቃለሁ» ብሎ የገባ ሰው ብዙ ነው። በ2015 አጋማሽ ላይ ባንኩ በገበያ ዋጋው ከዓለም ባንኮች ሁሉ አንደኛ ሆነ፤ ዋጋው ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ።

የባንኩን ስም ሰምተው ለማያውቁም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን በመሥሪያ ቤታቸው በኩል የጡረታ ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ያ ገንዘብ የትልልቆቹን 500 ኩባንያዎች አክሲዮን በጅምላ በሚይዝ ፈንድ ውስጥ ከገባ ዌልስ ፋርጎም እዚያ ውስጥ አለ። ሳያውቁት የባንኩ ባለቤት ናቸው ማለት ነው።

ግቡና ጫናው

ባንኩ ለራሱ ያስቀመጠው ግብ ለአንድ ቤተሰብ 8 አገልግሎት መሸጥ ነበር። አማካዩ ከ6 በላይ መድረሱን ለባለሀብቶች በየጊዜው በኩራት ይነግራቸው ነበር። ተንታኞች ይህን ቁጥር ይወዱታል፤ ደንበኛው ብዙ አገልግሎት ከያዘ ከባንኩ አይሄድም የሚል ስሌት ነው።

ቁጥሩ ግን ከላይ አልወረደም፣ መስኮት ላይ የተቀመጠ ወጣት ነው ያመጣው። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች በቀን ብዙ ጊዜ እየተደወለ «ስንት ሸጣችሁ?» ይባሉ ነበር። የቀኑን ግብ ያልሞላ የጎደለው በነገው ላይ ይደመርበታል። ጥር ሲመጣ ደግሞ ዓመቱን በሩጫ ለመጀመር የሚደረግ ልዩ የሽያጭ ዘመቻ ነበር፣ ግቡ በዚያ ወር ከሌላው ጊዜ የባሰ ይከብዳል። ለጋዜጠኞች የተናገሩ ሠራተኞች እንዳሉት፣ ካልሸጣችሁ ማክዶናልድስ ሄዳችሁ ነው የምትሠሩት እየተባሉ ይዋከቡ ነበር።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ የቦርዱ ምርመራ ያወጣው አንድ ነገር ነው። የሽያጭ ዕቅዶቹ በውስጥ «50/50» ይባሉ ነበር። ዕቅዱን የሚያወጡት ኃላፊዎች ግቡን ሊደርሱበት የሚችሉት ግማሾቹ አካባቢዎች ብቻ መሆናቸውን ያውቁ ነበር ማለት ነው። እያወቁ አወጡት። እንግዲህ የማይደረስበት ግብ ተሰጥቶህ፣ ካልደረስክ ሥራህን የምታጣ ከሆነና የቤት ኪራይ የሚጠብቅህ ከሆነ ምን ታደርጋለህ?

የሆነው ይህ ነው። ደንበኛው ሳያውቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ሂሳብ ተከፈተለት። የሌለ ኢሜይል አድራሻ ተሞላ። የምሥጢር ቁጥር ሠራተኛው ራሱ አወጣ። ገንዘብ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ተዛውሮ አዲሱ ሂሳብ የሚሠራ እንዲመስል ተደረገ። እናትና አባት፣ እህትና ወንድም ተለምነው ሂሳብ ከፈቱ። አንዲት ቤት የሌላት ሴት 6 ሂሳብ እንድትከፍት ተገፋፍታ በወር 39 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ እንደመጣባት በጊዜው ተዘግቧል።

ከውጭ ሆኖ ምን ይታይ ነበር?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ለባለሀብት ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ነገሩ ካለፈ በኋላ «ግልጽ ነበር» ማለት ቀላል ነው።

አንዳንዱ በፍጹም አይታይም ነበር። የቅርንጫፍ ሠራተኛ መልቀቅ በአንድ ወቅት በዓመት 41 በመቶ ደርሶ እንደነበር የታወቀው ኋላ በወጣው የቦርድ ሪፖርት ነው። ከመቶ ሰው አርባ አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቀየራል ማለት ነው! በ2010 ደግሞ የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሽያጭ ማጭበርበር ጋር የተያያዙ 700 የሠራተኛ ጥቆማዎች መኖራቸውን አውቆ ነበር፣ ሳይከታተለው ቀረ። ይህም የታወቀው በ2017 ነው። ተራ ባለአክሲዮን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ሌላው ግን በአደባባይ ነበር። በዲሴምበር 2013 ሎስ አንጀለስ ታይምስ የሠራተኞቹን ጫና፣ የተጭበረበረውን ፊርማና የተለመኑትን ዘመዶች በዝርዝር ጻፈ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 30 ገደማ ሠራተኞች በዚሁ ምክንያት ተባረው ነበር። በሜይ 2015 የከተማው ዐቃቤ ሕግ ባንኩን ከሰሰ። ታዲያ ገበያው ምን አደረገ? ምንም። ክሱ ከተመሠረተ ከሁለት ወር በኋላ፣ በጁላይ 2015፣ አክሲዮኑ በዚያን ጊዜ ከፍተኛ የነበረውን ዋጋ 58 ዶላር ገደማ ደረሰ።

ማንም ሊያየው የሚችለው ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ነበር። አንድ ተራ ቤተሰብ ከአንድ ባንክ 8 አገልግሎት ምን ያደርግለታል? እኔ ያለኝን ብቆጥር ግማሹን አልሞላም። አማካዩ ከ6 በላይ ከሆነ ደግሞ 8 እና 10 የያዙ ብዙ ሰዎች መኖር አለባቸው። እነማን ናቸው? ሂሳቦቹ ገንዘብ አላቸው ወይስ ባዶ ናቸው? ይህ ጥያቄ ምሥጢራዊ ሰነድ አይፈልግም፣ የወቅቱን ሪፖርት አንብቦ የራስን ኑሮ ማሰብ ብቻ ነው የሚፈልገው። የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በኋላ ባንኩን የቀጣው በዚሁ ነው፦ የሽያጩን ቁጥር ለባለሀብቶች እያሳየ ከ2012 እስከ 2016 አሳስቷቸዋል ብሎ። የ500 ሚሊዮን ዶላሩ ቅጣት ለተጎዱ ባለሀብቶች እንዲከፋፈል ተወሰነ።

ጉዳዩ ሲፈነዳ

ሴፕቴምበር 8 ቀን 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ሊቀጣ ተስማማ። ያለፈቃድ የተከፈቱ ሊሆኑ የሚችሉት ሂሳቦችና የካርድ ማመልከቻዎች ወደ 2 ሚሊዮን ተገመቱ፣ በቀጣዩ ዓመት ግምቱ ወደ 3 ነጥብ 5 ሚሊዮን ከፍ አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 5,300 ሠራተኞች በዚህ ምክንያት መባረራቸውም ተነገረ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከደንበኞች ያለአግባብ ተወስዶ መጀመሪያ የተመለሰው የአገልግሎት ክፍያ 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ባንኩ በዓመት ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያተርፋል። በሒሳብ ባለሙያ ዓይን ይህ ከቁም ነገር የማይገባ ገንዘብ ነው፤ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ አይታይም እንኳ። የኩባንያን ጤንነት በሒሳብ መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን በሽታ ሊያገኘው የማይችለው ለዚህ ነው። ጉዳቱ ያለው በገንዘቡ መጠን አይደለም። 5,300 ሰው አንድ ዓይነት ጥፋት ካጠፋ እነዚያ ሰዎች 5,300 የተለያዩ ሌቦች አይደሉም፤ ሥራው ራሱ ነው እንዲያ የሚያደርገው።

የተወሰዱ እርምጃዎች፣ የሠራውና ያልሠራው

ከ2016 በፊት ባንኩ የያዘው መንገድ አጥፊውን እያባረሩ የሥነ ምግባር ሥልጠና መስጠት ነበር። አልሠራም። የተባረረውን የሚተካው ሰው ያንኑ ግብ ይረከባል። ለጥቆማ የተዘጋጀ የስልክ መስመርም ነበር፤ ግን ደውለው ከተናገሩ በኋላ ሥራቸውን አጣን ያሉ ሠራተኞች ወጡ። በ2017 የአሜሪካ የሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ማጭበርበር ጠቁሞ በ2010 የተባረረ አንድ ሥራ አስኪያጅ 5 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለውና ወደ ሥራው እንዲመለስ አዘዘ። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ እሱን እያየ ዝም ያለ ሠራተኛ ስንት ይሆን?

ከፈነዳ በኋላ የቅርንጫፍ ሽያጭ ግብ በኦክቶበር 2016 ተነሣ። ይሄ ሠራ፣ ምንጩን ነካ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው 41 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ገና ያልተረከበውን አክሲዮን ትቶ ወረደ፤ በ2020 ደግሞ 17 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ ዳግም በባንክ ሥራ እንዳይገባ ተከለከለ። ከላይ ያለው ሰው መቀጣቱ ለሌሎች ኃላፊዎች ትልቅ መልእክት ነበረው።

እሱን የተካው ግን እዚያው ባንክ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቆየ ሰው ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በማርች 2019 ለቀቀ። በመሃል «በ2018 እንደገና ተመሠረትን» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተሠርቶ ነበር። በዚያው 2018 ባንኩ የማያስፈልጋቸውን የመኪና ኢንሹራንስ በደንበኞች ላይ በመጫንና በቤት ብድር ክፍያዎች ምክንያት 1 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። እዚህ ላይ ለባለሀብት የሚጠቅም ነገር አለ። የሥራ ባህል ችግር በአንድ ክፍል ከታየ ሌላውም ክፍል መመርመር አለበት፤ ያው አመራር ነውና የሚመራው። በዲሴምበር 2022 እንደገና 3 ነጥብ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ቅጣትና ካሣ መጣ።

ከሁሉም የከበደው እርምጃ ግን ገንዘብ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2018 ፌዴራል ሪዘርቭ የሚባለው ማዕከላዊ ባንክ አሠራራችሁን እስክታስተካክሉ ድረስ ጠቅላላ ሀብታችሁ በ2017 መጨረሻ ከነበረበት ከ1 ነጥብ 95 ትሪሊዮን ዶላር አይለፍ ብሎ ገደበው። ገደቡ የተነሣው በጁን 2025 ነው። በኦክቶበር 2019 ከውጭ የመጣ ሥራ አስፈጻሚ ነው ቀስ በቀስ ሥራውን የጨረሰው።

ለባለአክሲዮኑ ምን አስከተለ

በ2017 መጨረሻ የሌላው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ የጄፒ ሞርጋን ጠቅላላ ሀብት ወደ 2 ነጥብ 5 ትሪሊዮን ዶላር ነበር። በ2024 መጨረሻ 4 ትሪሊዮን ገደማ ደረሰ። ዌልስ ፋርጎ በዚያ ጊዜ ሁሉ ቆሞ ነበር። ያልተገኘ ዕድገት በቅጣት ዝርዝር ውስጥ አይጻፍም፣ ግን ከቅጣቶቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአክሲዮኑ ዋጋ በ2020 መገባደጃ ላይ ከ25 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። የሩብ ዓመቱ የትርፍ ድርሻ ለአንድ አክሲዮን ከ51 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም ተቆረጠ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ኮቪድም አለበት፣ ሁሉንም በሥራ ባህሉ ላይ መጫን አይገባም። ግን ሌሎቹ ትልልቅ ባንኮች በዚያው ኮቪድ ውስጥ የትርፍ ድርሻቸውን አልነኩም። በርክሻየርም ቀስ እያለ ሽጦ በ2022 መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ወጣ።

የዚህ ጉዳይ ሌላ ገጽታም አለ። በ2020 መጨረሻ ዝቅ ባለ ዋጋ የገዛ ሰው ገደቡ በተነሣበት ጊዜ ገንዘቡ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖለታል። ስለዚህ መጥፎ የሥራ ባህል ያለውን ኩባንያ በጭራሽ አትንኩ እያልኩ አይደለም። የሥራ ባህሉ እየተበላሸ ሳለ በውድ መግዛትና እየተጠገነ ሳለ በርካሽ መግዛት ለየቅል ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ግን ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

ወደ እኛ ስናመጣው

አገራችን ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው በብዛት የባንክ ወይም የኢንሹራንስ አክሲዮን ነው ያለው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የባንክ አክሲዮን መግዛት ከተፈቀደላቸው ዓመታት አልፈዋል።

ባንክ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ «እባክህ ሂሳብ ክፈትልኝ» ወይም «እስከ ሰኔ 30 ድረስ ብርህን እኛ ጋ አቆይልኝ» መባልን ያውቃል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። ግብ የሌለው ሥራ የለም፣ ተቀማጭ ማሰባሰብም የባንክ ሥራ ነው። ግን ባለአክሲዮን ከሆንክ ያ ልመና መረጃ ነው። ዘመድህ ተጨንቆ ነው የጠየቀህ ወይስ እንዲያው ለጨዋታ? ታርጌቱን ካልሞላ ምን ይደርስበታል? ራቅ ወዳለ ቅርንጫፍ ይዛወራል፣ ዕድገቱ ይታገዳል ወይስ ሥራ አስኪያጁ ቁጭ ብሎ ያናግረዋል? የከፈትከው ሂሳብ ከስድስት ወር በኋላ ገንዘብ አለበት? ባንኩ በዓመታዊ ሪፖርቱ «ይህን ያህል ሚሊዮን አዲስ ደንበኛ አፈራን» ሲል ያንተም ባዶ ሂሳብ እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል።

እኔ አሁን አንድ ኩባንያ ሳይ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ ኩባንያው በጣም የሚኮራበትን ቁጥር እፈልጋለሁ፤ ሪፖርቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን። ከዚያ ያ ቁጥር በማን እጅ እንደሚመረት፣ ያ ሰው ካላመረተው ምን እንደሚሆን አጠያይቃለሁ። ከተቻለ በቅርቡ የለቀቀ ሰው አነጋግራለሁ፣ አንድ ሳይሆን የተለያየ ቅርንጫፍ የሠሩትን፤ አንዱ ቂም ሊኖረው ይችላል፣ አራት ሰው አንድ ነገር ሲናገር ግን ቂም አይባልም። የውስጥ ምሥጢርና ገና ያልወጣ የሒሳብ ውጤት አልጠይቅም፣ እሱ ሌላ ጥፋት ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል። የምጠይቀው የሥራ ሁኔታውን ብቻ ነው። ከወቀሳ በኋላ የተባረረው ከታች ያለው ብቻ ከሆነና ዕቅዱን ያወጣው ሰው ጉርሻውን ከወሰደ፣ ነገሩ አልተስተካከለም ብዬ እይዛለሁ።

ጠቅላላ ጉባኤ የሚሄድ ባለአክሲዮን ደግሞ ከኛ የተሻለ ዕድል አለው። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ክርክሩ በትርፍ ድርሻና በቦርድ ምርጫ ላይ ነው የሚያልቀው። ማይኩ ሲደርሳችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሠራተኛ ለቀቀ፣ ከነዚህስ ስንቱ ከደንበኛ ጋር በቀጥታ የሚሠራ ነበር? ከተከፈቱት አዲስ ሂሳቦች ውስጥ ከዓመት በኋላ የሚንቀሳቀሱት ስንት ናቸው? የሠራተኛ ጥቆማ ለቦርዱ በቀጥታ ይደርሳል ወይስ መጀመሪያ በተጠቆመበት ኃላፊ በኩል ያልፋል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ በሉ። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ላይ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ማንሳትና ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል።